ሽልማቱን ማን ያየዋል? ከሮምሶስ ሳሎን እስከ ጉማ መድረክ

በኖርዌይ፣ ኦስሎ ውስጥ ያለው የሮምሶስ የሜትሮ ጣቢያ ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ከባቡሩ ወርዶ በተንቀሳቃሹ ደረጃ ወደ ላይ የወጣ ሰው ራሱን የሚያገኘው አንዲት የገበያ ማዕከል ደጅ ላይ ነው። ዙሪያው ጥድ ነው፤ በጥዱ መካከል ከ1970ዎቹ ጀምሮ የቆሙ ሕንፃዎች ይታያሉ፤ ከነሱ ጀርባ ስቫርትሼርን የምትባል ትንሽ ሐይቅ አለች። መኪናው በዳር እንዲዞር ተደርጎ ስለተነደፈ ልጆች በየሕንፃው መካከል እንደልባቸው ይሮጣሉ። ከነዋሪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱ ወይም ወላጆቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ ኡርዱ፣ ሶማሊኛ፣ ታሚል፣ ትግርኛና አማርኛ በአንድ ሊፍት ውስጥ ይሰማሉ። ሱፐርማርኬት አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሲኒማ ቤት የለም።

ቅዳሜ ማታ ነው። አምስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ ሳሎን ውስጥ ቡና ተፈልቷል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቅ ቴሌቪዥን በዩቲዩብ የአማርኛ ፊልም ያሳያል። የቤቱ እመቤት ቀን አረጋውያን ሲንከባከቡ ውለው የገቡ ናቸው። ፊልሙ ሊጋመስ ሲል የአንድ የኖርዌይ ኢንሹራንስ ኩባንያ ማስታወቂያ ይገባል። ከዚያ ከደሴ ስልክ ይደወላል፣ ድምፁ ይቀነሳል፤ ተዋንያኑ ግን አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ይቀጥላሉ። የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ቲክቶክ ላይ ነው። ስልኩ ሲዘጋ ማንም ወደ ኋላ አልመለሰውም፤ ያመለጠው አመለጠ።

«እትዬ፣ ይሄ ፊልም ጉማ የፊልም ሽልማት ላይ ተሸልሞ የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ ልጄ። እህቴ ናት የላከችልኝ፣ በቴሌግራም። ‹አልቅሰሽ ትሞቻለሽ› ብላኝ ነው።»

ዳኞች የሌሉበት፣ ቀይ ምንጣፍ ያልተነጠፈበት፣ ግን ሙሉ እምነት የተጣለበት ሽልማት ይህ ነው። ሰው የሚያየውን ፊልም የሚመርጥለት እህቱ፣ የሥራ ባልደረባው ወይም የስልኩ ስሌት ከሆነ ውሎ አድሯል። የፊልም ሽልማት ዝግጅቶች ተመልካች አጡ ሲባል በየአገሩ ብዙ ምክንያት ይደረደራል፤ እኔ ግን ነገሩን ከሮምሶስ ሳሎን ሆኜ ሳየው ቀላል ይመስለኛል። ሽልማት ድሮ የሚሠራው ሥራ ነበረው፤ ሥራውን ሌላ ወሰደበት።

የኦስካር ሥነ ሥርዓት ሎስ አንጀለስ ላይ ሲጀመር ኦስሎ ላይ ከሌሊቱ ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት ይሆናል፤ ያውም ለሰኞ አጥቢያ። በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ የሚነዳ፣ ቢሮ የሚያጸዳ፣ ሆስፒታል የሚገባ ሰው እንዲህ ያለውን ሌሊት ቁጭ ብሎ አያነጋም። ለነገሩ አሜሪካኖቹም በገዛ ሰዓታቸው ማየቱን ትተዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 «ታይታኒክ» 11 ኦስካር ጠራርጎ በወሰደበት ሌሊት አሜሪካ ውስጥ ብቻ 55 ሚሊዮን ሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ነበር። በ2021 ያ ቁጥር ወደ 10 ሚሊዮን ገደማ ወርዶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ አገግሞ በ2024ም በ2025ም 20 ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ ቢሆንም ከቀድሞው ግማሽ አይደርስም።

በ1998 ሕዝቡ የተሰበሰበው አስቀድሞ ያየውን ፊልም ሲሸለም ለማየት ነበር። «ታይታኒክ» በዚያን ጊዜ በዓለም ከሁሉ የበለጠ ገቢ ያስገባ ፊልም ሲሆን፣ ዳኞቹም ሕዝቡም በአንድ ፊልም ላይ ተገናኙ። በ2021 ያሸነፈው «ኖማድላንድ» መልካም ፊልም ነው፤ ግን ሲኒማ ቤቶች በኮሮና ተዘግተው ስለነበር ብዙው ሰው ስሙን የሰማው ከሽልማቱ ጋር ነው። ያላየኸው ሰው ሠርግ ላይ ተጠርተህ ስንት ሰዓት ትቀመጣለህ? ደግሞም ከሦስት ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚወራበት አንዱ ደቂቃ ጠዋት ስልክህ ላይ ይጠብቅሃል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ዊል ስሚዝ መድረክ ላይ ወጥቶ ክሪስ ሮክን በጥፊ የመታውን ያላየ የለም፤ የዚያን ሌሊት ምርጥ ፊልም የትኛው እንደነበር የሚያስታውስ ግን ፈልጉ። «ኮዳ» ነበር።

እንግዲህ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ራሱ እጁን ሰጥቷል። ሥነ ሥርዓቱን ከ1976 ጀምሮ ያለማቋረጥ ያስተላለፈው ኤቢሲ ቴሌቪዥን ነው፤ ከ2029 ጀምሮ ግን ኦስካር በዩቲዩብ ብቻ እንደሚተላለፍ በታኅሣሥ 2025 ተገልጿል። ሆሊውድ አሁን የሚሄድበት ቦታ የሮምሶስዋ እመቤት ቅዳሜ ማታ የሚቀመጡበት ቦታ ነው።

ሽልማቱ ይቆየንና ወደ ሲኒማ ቤቱ እንሂድ። ከሮምሶስ አምስት ቁጥር ባቡር ተሳፍሮ ወደ መሐል ከተማ የሚወርድ ሰው በሃያ አምስት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ናሽናልቴአትሬት ይደርሳል። ክሊንገንበርግና ሳጋ የሚባሉት ሲኒማ ቤቶች እዚያው አካባቢ ናቸው። በመንገዱ ላይ ቶየን የሚባል ጣቢያ አለ። የሠዓሊው የኤድቫርድ ሙንክ ሙዚየም ወደ ባሕር ዳርቻው አዲስ ሕንፃ እስከተዛወረበት እስከ 2021 ድረስ እዚያ ነበር። ያንን በ1963 የተከፈተ ሙዚየም በገንዘብ ያሠራው ሲኒማ ነው። በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1913 የወጣ ሕግ ሲኒማ ቤት የመፍቀድን ሥልጣን ለማዘጋጃ ቤቶች ስለሰጠ፣ አብዛኞቹ ከተሞች ሲኒማውን ራሳቸው ያዙት። ኦስሎም ከ1926 ጀምሮ የራሷ የሲኒማ ድርጅት ነበራት፤ ከትኬት የተረፈው ትርፍ ለከተማዋ ባህል ይውል ነበር። ሕዝቡ የካውቦይ ፊልም እያየ ሳያውቀው ሙዚየም አሠራ።

በዚህ አገር ሲኒማ መሄድ ምን ያህል የሕዝብ ነገር እንደነበር ለማወቅ አንድ ቁጥር ይበቃል። በ1975 የወጣው «ፍሎክሊፓ ግራን ፕሪ» የተባለ የአሻንጉሊት ፊልም ከ5 ሚሊዮን በላይ ትኬት ሸጧል፤ የዚያን ጊዜው የኖርዌይ ሕዝብ በጠቅላላው 4 ሚሊዮን ነበር። ሲኒማ ቤት በሌለባቸው የገጠር ቀበሌዎች ደግሞ ማሳያ መሣሪያ ጭኖ የሚዞር ቢግደሺኖ የሚባል ተንቀሳቃሽ ሲኒማ ከ1950 ገደማ ጀምሮ አለ፤ ዛሬም ይሠራል። ኦስሎ ግን ሲኒማ ቤቶቿን በ2013 ለግል ኩባንያ ሸጠች። አሁን የአንድ ሰው መግቢያ ከ150 ክሮነር በላይ ነው። አራት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ፈንዲሻና ለስላሳ ጨምሮ አንድ ፊልም አይቶ ሲመለስ፣ ያው ገንዘብ ለብዙ ወራት የኔትፍሊክስ ክፍያ ይበቃ ነበር ብሎ ማስላቱ አይቀርም። የሮምሶስ ሰው ሒሳብ ያውቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኖርዌዮች ለአዋቂ የሚሆን የውጭ ፊልም በድምፅ አይተረጉሙም፤ ከሥር በጽሑፍ ነው የሚያወጡት። አዲስ ገብ ሰው የእንግሊዝኛ ፊልም እያየ ኖርዌይኛ ማንበብ ይለማመዳል። ሲኒማ ቤት ለስደተኛ የሚሰጠውን ይህን ጥቅም የቋንቋ ትምህርት ቤቶች ብዙም ሲያነሡት አይሰማም።

የኖርዌይ ፊልም ራሱ በሽልማት በኩል እንዲህ የደመቀበት ዘመን የለም። የዳግ ዮሃን ሃውገሩድ «ህልሞች» በየካቲት 2025 የበርሊንን ወርቃማ ድብ ወሰደ፤ ለኖርዌይ የመጀመሪያው ነበር። ከሦስት ወር በኋላ የዮአኪም ትሪየር «አፌክሾንስቫርዲ» ካን ላይ ግራን ፕሪውን አገኘ። ታሪኩ ስለ አንድ አዛውንት የፊልም ዳይሬክተርና ስለ ሴት ልጆቹ ነው፤ ሰውዬው አዲሱን ፊልሙን የሚሠራው በኔትፍሊክስ ገንዘብ መሆኑ በፊልሙ ውስጥ የመራራ ቀልድ ምንጭ ነው። ሁለቱም ፊልሞች የኦስሎ ናቸው፤ ኦስሎዋ ግን ሰፊ መስኮትና የመጽሐፍ መደርደሪያ ያላት ኦስሎ ናት። ሮምሶስ ባለችበት በግሩሩድ ሸለቆ ላሉት ቤቶች ቀረብ ያለችው የኢራም ሃቅ «ሰዎች ምን ይላሉ» ነበረች፣ በ2017 የወጣችው። የፓኪስታናዊ ቤተሰብ ልጅ ታሪክ ናት፤ ሐበሻ ወላጅ ቢያያት ግን ከሥር የተጻፈውን ማንበብ ሳያስፈልገው ይገባዋል። ኖርዌይ ያችን ለኦስካር አቅርባት ነበር።

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ፤ የእኛው ውድቀት ፈጣንም ነው፣ ሌላ መልክም አለው።

አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያውን ፊልም ማሳያ ሕዝቡ ሰይጣን ቤት ብሎ ነበር የጠራው። ከዚያ ሰይጣን ጋር ታርቀን፣ በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው» ተሠራ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» መጣ። በሴሉሎይድ መሥራት ውድ ስለነበረ የአገር ፊልም በዓመታት አንዴ የሚገኝ ብርቅ ሆኖ ቆየ። ነገሩን የገለበጠው የቪዲዮ ካሜራ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» እና የመሰሎቹ ፊልሞች በቪዲዮ ተቀርጸው፣ በፕሮጀክተር በሲኒማ ቤት መታየት ጀመሩ። ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው፣ በገዛ ሰፈሩ፣ የሚያውቀውን ዓይነት አክስትና የሚያውቀውን ዓይነት ደላላ ስክሪን ላይ አየ። ጎረፈ።

አምባሳደር፣ ኢትዮጵያ፣ ኢምፓየር፣ ዓለም፣ ሴባስቶፖል፣ የኤድና ሞሉ ማቲ፦ በእነዚህ ስሞች ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ቅዳሜና እሑድ የት ይቆም እንደነበር ያውቃል። ፖስተሩ በየአጥሩ ይለጠፋል፣ ምርቃቱ ላይ ተዋንያኑ ይመጣሉ፣ ወረፋው ከበሩ ተነሥቶ በእግረኛ መንገዱ ይጠማዘዛል። ቀጠሮ የያዘ ወጣት ሌላ የሚሄድበት አልነበረውም፤ ጨለማውም አንዱ መስሕብ ነበር። ባህር ዳር ላይ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል እንዲሁ ይሞላ ነበር። በ2000ዎቹ ውስጥ በዓመት ወደ 100 የሚጠጋ ፊልም የተሠራበት ጊዜ አለ። ብዙው በጥድፊያ የተሠራ የፍቅር ኮሜዲ ነበር፤ ጥራቱን ያላማ ጋዜጠኛ አልነበረም፣ ትክክልም ነበሩ። ነገር ግን ከመቶው ውስጥ «ስርየት»ን የመሰለ ሲወጣ ያንን የሚያይለት ሕዝብ አስቀድሞ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ዛሬ የጎደለን ይህ ነው።

ገንዘቡ እንዴት ይሠራ እንደነበር ሳይገባን ውድቀቱ አይገባንም። የትኬቱን ገቢ ሲኒማ ቤቱና ፕሮዲዩሰሩ ይካፈላሉ። ፊልሙ ከአዳራሽ ሲወርድ ቪሲዲ ይታተማል፤ ቪሲዲው በወጣ ማግስት ኮፒው ገበያ ላይ ይዘረጋል። ስለዚህ ፕሮዲዩሰሩ ቪሲዲውን ያዘገየዋል፣ ወይም ጭራሽ አያወጣውም። በዚያ ዘመን ኦስሎ ያለ ሐበሻ አዲስ ፊልም የሚያገኘው ከአገር በመጣ ሰው ሻንጣ፣ ወይም ግሮንላንድ ሠፈር ባሉ የሐበሻ ሱቆች ከበርበሬውና ከሽሮው አጠገብ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ቃና ቴሌቪዥን ተከፈተ። የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ፣ በነፃ፣ በየምሽቱ። የጥበብ ሰዎች ተሰብስበው ተቃወሙ፤ ባህል ሊጠፋ ነው፣ እንጀራችን ሊዘጋ ነው አሉ። ስለ እንጀራቸው ያሉት ልክ ነበር። እናቶች ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ከሳሎን የማይነሡ ሆኑ፤ ወጣቱም ከእናቱ ጋር ተቀመጠ። የአገር ውስጥ ባለሙያው በበኩሉ ወደ ተከታታይ ድራማ ተሻገረ፤ ቢያንስ በየወሩ የሚከፍል ጣቢያ አለ። «ረቡኒ» የተባለውን ፊልም ያዘጋጀችው ቅድስት ይልማ ኋላ «እረኛዬ»ን ይዛ በአርትስ ቲቪ መጣች፤ ያንን ድራማ የተከተለ ሰው ሲኒማ ቤት ድርሽ ሳይል ከብዙ ፊልም የተሻለ ነገር አይቷል። እኔ ይህን እንደ ክስረት ብቻ አላየውም። ጥሩ ጽሑፍ የሄደበት ሄዷል፣ ተመልካቹም ተከትሎታል።

ከዚያ ኮሮና መጣና በ2012 ዓ.ም. አዳራሾቹን ዘጋ፤ ጦርነት ተከተለ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ባህር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ ደብረ ብርሃን፣ ኮምቦልቻና ሸዋ ሮቢት የሰዓት እላፊ ተጣለባቸው። ሰዓት እላፊ ያለበት ከተማ ውስጥ የማታ ፊልም የሚባል ነገር የለም። ኢንተርኔትም ተዘጋ፤ ስለዚህ ሮምሶስ ሳሎን ውስጥ በዩቲዩብ የሚታየውን ፊልም ለብዙ ወራት ጎንደር ያለው ዘመድ ሊያየው አልቻለም።

አሁን የአማርኛ ፊልም ከአዳራሽ ሲወርድ የሚሄደው ሶዶሬን ወደመሳሰሉ የኢንተርኔት ቻናሎች ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተመልካች የማያውቀው ነገር አለ። ዩቲዩብ ለቻናሉ የሚከፍለው በማስታወቂያው ዋጋ ልክ ነው፣ የማስታወቂያው ዋጋ ደግሞ ተመልካቹ በሚኖርበት አገር ይለያያል። ኖርዌይ ውስጥ ያለ አንድ ተመልካች ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉ ብዙዎች የበለጠ ያስገባል። የእመቤቷን ፊልም ያቋረጠው ያ የኢንሹራንስ ማስታወቂያ የቻናሉ ገቢ ነው። የሚቀጥለው ፊልም ገንዘብ በከፊል እንደ ሮምሶስ ካሉ ሳሎኖች እየተሰበሰበ ነው ማለት ነው፤ ጸሐፊዎቹ ይህንን ማወቃቸው ጀግናው ከአሜሪካ ሲመለስ ከሚጀምረው የፊልም ብዛት ይታያል።

ዮናስ ብርሃነ መዋ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው የጉማ የፊልም ሽልማት የመጣው አዳራሾቹ ገና ሞልተው ሳሉ ነው። ስሙን ከፓፓታኪስ ፊልም ወሰደ፤ ሐሳቡም ቀና ነበር፦ ባለሙያው በባለሙያ ይመዘን፣ መብራት ያበራውና ድምፅ የቀዳው ሰውም ስሙ ይጠራ። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያን ፊልም ሠራተኛ በስሙ የጠራ መድረክ ጥቂት ነበር። ሽልማቱ እስከ ዛሬ መቀጠሉ፣ በኮሮናውም በጦርነቱም፣ የሚያስመሰግን ጽናት ነው።

ሆኖም የጉማ ምሽት ማግስት ምን ይወራል? ማን ምን ለበሰ፣ ማን ከማን ጋር መጣ፣ ማን በንግግሩ ማንን ነካ። ያሸነፈውን ፊልም ልይ ላለ ሰው ግን ፊልሙ ከአዳራሽ ወርዷል፣ ዩቲዩብ ላይ ገና አልወጣም። ሽልማቱ «ሂዱ እዩት» የሚለው የሚታይበት ቦታ በሌለው ሰዓት ነው። የእህት የቴሌግራም መልእክት ግን ከሊንኩ ጋር ነው የሚመጣው።

የውጭውም ሽልማት በእኛ ላይ እንዲሁ ነው የሚሆነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት በዋጋዱጉ የየኔንጋ ወርቃማ ፈረስ አገኘ። «ድፍረት» በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካች ሽልማት ወሰደ፤ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሕዝቡ ተቀምጦ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፣ ኋላ ነው የታየው። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 በካን ይፋ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። ስለ አንድ ልጅና ስለ በጉ የሚተርከው ይህ ፊልም ሲሠራ ከፈረንሳይና ከጀርመን ጋር ኖርዌይም ተባባሪ ነበረች። ሮምሶስ ውስጥ ስንጠይቅ ስሙን የሚያውቅ ሐበሻ ማግኘት ይከብዳል። በውጭ የተሸለመው ፊልም በውጭው ሰው ታይቶ፣ በውጭው ሰው ተጨብጭቦለት፣ ለባለቤቱ በዜና ብቻ ይደርሳል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ሲኒማ ሞቷል የሚለውን አልቀበልም። በ2023 በጋ «ባርቢ» እና «ኦፐንሃይመር» በአንድ ቀን ሲወጡ ኦስሎም እንደሌላው ዓለም ወረፋ ቆሟል። ሂንዲና ታሚል ተናጋሪው የኦስሎ ነዋሪ ትልቅ ፊልም ሲመጣለት ቤተሰቡን ሰብስቦ ሲኒማ ቤት ይሄዳል፤ እሱም ዩቲዩብ አለው። ልዩነቱ ፊልሙ በወጣበት ሳምንት ኦስሎ የሚደርስለት መሆኑ ነው። በሌላ በኩል ግን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ትኬት ተሸጦ ነበር፤ ዛሬ ግማሽ ያህሉ ነው የሚሸጠው። ያ ሁሉ ሰው ተመልሶ ይመጣል ብዬ አልጠብቅም። አዳራሽ እንደ ቀድሞው የየሳምንት ልማድ መሆኑ አብቅቷል፤ የበዓል ነገር ሆኖ ይቀጥላል።

በበዓልነቱ ግን እኛ እንበልጥ ነበር፤ ሰው መሰብሰብ ችግራችን ሆኖ አያውቅም። ኃይሌ ገሪማ በ1993 «ሳንኮፋ»ን የሚያከፋፍልለት ኩባንያ ሲያጣ አዳራሽ እየተከራየ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ራሱ አሳየው፤ የጥቁር አሜሪካዊው ማኅበረሰብም ሞላለት። ኦስሎ ውስጥ ከ1991 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ «ፊልም ፍራ ሶር» የሚባል የእስያ፣ የአፍሪካና የላቲን አሜሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል አለ፤ በሃውስማንስ ጎዳና ደግሞ ቬጋ ሴኔ የሚባል በ2018 የተከፈተ ሲኒማ ቤት አለ። ከሮምሶስ በአንድ ባቡር፣ ከዚያ በጥቂት እርምጃ ነው።

ስለዚህ ለጉማ አዘጋጆች፦ የሚሸለመው ፊልም በሽልማቱ ሳምንት በአዲስ አበባ፣ በባህር ዳርና በሐዋሳ አዳራሾች ተመልሶ ይታይ፤ ከዚያ በቀጥታ በክፍያ በኢንተርኔት ይውጣ፣ ከሥሩም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይኑረው፣ እዚህ የተወለደው ልጅ ከክፍሉ ወጥቶ ከእናቱ ጋር እንዲያየው። በኦስሎ ለምትኖሩ የማኅበራት አመራሮች፦ ለዘፋኝ አዳራሽ እንደምትከራዩት ለፊልምም ተከራዩ። ለአንባቢም፦ አንድ ወዳጅ የተሰረቀ ኮፒ በቴሌግራም ሲልክላችሁ ሕጋዊውን ሊንክ ጠይቁት፣ ማስታወቂያውንም ሳትዘሉ እዩት። ለፕሮዲዩሰሩ የሚደርሰው ያ ነው።